ሲኒማ ካሜራ ወይስ ፎቶ ካሜራ? ሀዋሳ ላይ ሁለቱንም ይዤ ሁለት ወር ሠርቼ ያየሁት

ሰሞኑን ሦስት ልጆች በተለያየ ቀን መጥተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ሦስቱም ቪዲዮ ሥራ ሊጀምሩ ነው። ሦስቱም ብር አጠራቅመዋል፣ የሁሉም ብር ግን ከአንድ ካሜራ አያልፍም። «ሲኒማ ካሜራ ልግዛ ወይስ ፎቶም ቪዲዮም የሚሠራውን?» ይላሉ። ዩቲዩብ ላይ ያላዩት ማወዳደሪያ የለም። ችግሩ፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰውዬ ቅዳሜ ጠዋት ከሙሽሪት ቤት ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ሐይቅ ዳር፣ ከዚያ አዳራሽ ሲሮጥ አይውልም፤ እሁድ ደግሞ መልስ አይጠብቀውም። ስለዚህ እኔ በምሠራበት ከተማና በምሠራው ሥራ ልክ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ሥራዬ ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ነው። አልፎ አልፎ የዘፈን ክሊፕና የድርጅት ዶክመንተሪ ይመጣል። የራሴ ካሜራ ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ነው። ፎቶ ካሜራ ነው፣ ግን ቪዲዮም በደንብ ይሠራል። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ደግሞ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ከከተማ ሲወጣ ሲኒማ ካሜራውን፣ ብላክማጂክ ፖኬት 6ኬውን፣ ከነዕቃው እኔ ጋር ትቶት ሄደ። «ቁምሳጥን ውስጥ አቧራ ከሚጠጣ ሥራበት» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሁለቱንም በአንድ ቦርሳ ይዤ ዞርኩ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ብቻችሁን ወይም ከአንድ ረዳት ጋር የምትሠሩ ከሆነ፣ እንጀራችሁም ከሰርግና ከዝግጅት የሚመጣ ከሆነ፣ ፎቶ ካሜራውን ግዙ። ሲኒማ ካሜራውን ሥራው ሲመጣ ተከራዩት። ይህን የምለው የሲኒማ ካሜራው ምስል ስላልማረከኝ አይደለም። በጣም ነው የማረከኝ። አንዳንድ ቀን ለመመለስ እስክሳሳ ድረስ። ግን ካሜራ የሚመረጠው በምስሉ ብቻ አይደለም።

ሲኒማ ካሜራ የተሠራው አጠገባችሁ ሰው እንዳለ ታስቦ ነው። አንዱ ፎከስ ይይዛል፣ አንዱ ድምፅ፣ አንዱ መብራት፣ አንዱ ደግሞ ፋይል እየገለበጠ ባትሪ ይቀይራል። ስለዚህ ካሜራው ራሱ ምንም አይወስንላችሁም፣ ሁሉንም ለሰው ይተወዋል። ፎቶ ካሜራ ግን አንድ ሰው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እየሮጠ እንዲያነሳበት ነው የተሠራው። ዓይን ፈልጎ ይይዛል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ያረጋጋል፣ ብርሃን ሲለዋወጥ ይከተላል። ስለ ጥራት ከመከራከራችሁ በፊት ቅዳሜ ዕለት አጠገባችሁ ስንት ሰው እንደሚቆም ቁጠሩ። እኔ ጋር አንድ ነው። ያውም ጂምባል (ካሜራውን በሞተር የሚያረጋጋውን መያዣ) የያዘው እሱ ነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ሰርግ ነበረኝ። ዋናውን በፖኬቱ ልሥራ ብዬ ወሰንኩ። ሶኒውን ጂምባል ላይ አድርጌ ለረዳቴ ሰጠሁት። የሙሽሪት ቤት ሳሎን ጠባብ ነው። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣን ይጨሳል። በሩ ክፍት ስለሆነ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ዓይን ይወጋል፣ ሶፋው ያለበት ጥግ ደግሞ ጨለማ ነው። ሙሽሪት ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት ልትስም ዝቅ አለች። እናትየዋ ጎንበስ ብለው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። እኔ ከበሩ ጀምሬ እየተጠጋሁ ነበር። ስክሪኑ ላይ ፎከስ የሚያሳየው ባለቀለም መስመር ያረፈው ከኋላቸው ባለው የመጋረጃ ጥልፍ ላይ ነው። የሌንሱን ቀለበት ገፋሁ፣ አለፈ። መለስኩት። መስመሩ እናትየዋ ጉንጭ ላይ ሲደርስ ልጅቷ ተነስታለች። አራት ሰከንድ አይሞላም። የዚያ ሰርግ ትልቁ ነገር ግን ያ አራት ሰከንድ ነበር።

ፖኬት 6ኬ ተከታታይ አውቶ ፎከስ የለውም። ቁልፉን ስትጫኑት አንዴ ይፈልግና ይቆማል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ አይከተልም። ውስጡም የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ የለውም። ይህን አውቄ ነው ይዤው የገባሁት፣ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያለ ቦታው ወሰድኩት። ረዳቴ የያዘው ሶኒ የእናትየዋን ዓይን አንዴ ከያዘ በኋላ አልለቀቀም። እንባቸው ቬሎው ላይ ጠብ ሲል ሳይቀር ይታያል። ቤተሰቡ ዛሬ የሚያየው እሱን ነው። ያን ቀን ሁለተኛ ካሜራ ባይኖረኝ ለእኚያ እናት ምን ብዬ እንደምመልስላቸው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰርጎች ፖኬቱ አዳራሽ ውስጥ ትራይፖድ ላይ ቆሞ መድረኩን ብቻ ሠራ፣ እዚያም በደንብ ሠራ።

ሲኒማ ካሜራው የበለጠበትን ደግሞ ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 19፣ የገብርኤል ዕለት። ሀዋሳን የሚያውቅ ያን ቀን ያውቃል። ከየአገሩ የመጣ ምእመን ከተማውን ይሞላዋል፣ አደባባዩ ዙሪያ ነጭ በነጭ ይሆናል። ለካሜራ ከዚህ የከበደ ፈተና እኔ አላየሁም። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ነጠላው ያበራል፣ ከዣንጥላው ሥር ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ጥላ ውስጥ ነው። ለፊቱ ስትሉ ብርሃን ስትጨምሩ ነጠላው ይቃጠላል፣ ለነጠላው ስትሉ ስትቀንሱ ፊቱ ይጠፋል።

ሁለቱን ካሜራዎች ትራይፖድ ላይ ጎን ለጎን አቁሜ አንዲት እናትን አስፈቅጄ ቀረጽኳቸው። ግማሽ ትከሻቸው ፀሐይ ላይ ነው፣ ፊታቸው ዣንጥላ ሥር። ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። የፖኬቱን ጥሬ ፋይል (ካሜራው ቀለሙን ሳይወስን ያስቀመጠውን) ብርሃኑን ዝቅ ሳደርገው የነጠላው ድር ተመለሰ፣ ትከሻቸው ላይ ያለው የጥለቱ አረንጓዴ ሳይቀር። ፊታቸውም ጥላው ውስጥ ሞቅ ያለ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፣ አልጠቆረም፣ አልገረጣም። ሶኒው በተለመደው የቀለም ምርጫ ያነሳው ላይ ግን ትከሻቸው ነጭ ወረቀት ነው፤ የሚመለስ ነገር የለም። ሦስተኛውን ከፈትኩ። ይኸው ሶኒ ነው፣ ግን ኤስ ሎግ 3 ላይ አድርጌ የቀረጽኩት። ሎግ ማለት ቀለሙን በኋላ እንድታስተካክሉት ምስሉን ፈዛዛ አድርጎ የሚቀርጽ አሠራር ነው። አብዛኛው ተመለሰ። የጥለቱ ቀለም ትንሽ ፈዘዘ እንጂ ድሩ አለ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ልዩነት አለ፣ ዓይኔ አይቶታል። ግን ሰው እንደሚያወራው የሰማይና የምድር አይደለም። ሎግ ቀርጻችሁ ቀለም ማስተካከል ከለመዳችሁ በጣም ይጠባል። ካልለመዳችሁ ደግሞ ሲኒማ ካሜራውም አያድናችሁም፣ ምክንያቱም የእሱ ምስል ሳይነካ ሲታይ ግራጫና የሞተ ነው። ሙሽራው «ቀለሙ ምን ሆነ?» ብሎ ይደውላል።

ሎግ ለመሥራት የምትፈልጉት ዋናው ነገር 10 ቢት ነው። 8 ቢት የሚቀርጽ ካሜራ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ነው ያለው፣ 10 ቢት ግን 1,024። ሐይቅ ዳር ማታ ማታ ሙሽሮች ስታነሱ ትርጉሙ ይገባችኋል። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ ሰማዩ ከብርቱካናማ ወደ ሐምራዊ ቀስ እያለ ይሄዳል። 8 ቢት ላይ ሎግ ቀርጻችሁ ቀለሙን ስትጎትቱት ያ ሰማይ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል። ከዚህኛው በፊት የነበረው ሶኒ ኤ7 ማርክ 3፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ በውስጡ 8 ቢት ብቻ ነው የሚቀርጸው። ጥሩ ካሜራ ነው፣ ያገለገለውም በርካሽ ይገኛል። ለፎቶና ለተራ ቪዲዮ ግዙት። ሎግ እሠራበታለሁ ብላችሁ ግን አትግዙት።

ሰው «ፎቶ ካሜራ እኮ ነው» ብሎ ሲያጣጥል ትንሽ ይከፋኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ሲወጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። ትልቅ ሴንሰር (ምስሉን የሚይዘው ቺፕ)፣ የሚቀያየር ሌንስ፣ ፉል ኤችዲ ቪዲዮ፣ ሁሉም አንድ ሰው ሊገዛው በሚችል ዕቃ ውስጥ። አንድ ቅጂ 4 ጊጋባይት ሲሞላ ይቆም ነበር፣ ወደ 12 ደቂቃ ነው። ድምፁም ደካማ ነበር። ቢሆንም እዚህ አገር ዛሬ ቪዲዮ ሠርቶ የሚያድር ብዙ ሰው ከዚያ ዘር ነው የመጣው። ብዙ ፎቶ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ይቆሙ የነበረውም አቅም አጥተው አልነበረም፤ አውሮፓ ውስጥ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ ዕቃ በጉምሩክ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር ነው። ኤ7 ማርክ 4 ያ ገደብ የለበትም።

እንዲያም ሆኖ የራሴን ካሜራ አላሞካሽም፣ ጉድለት አለው። በ4ኬ በሰከንድ 50 ፍሬም ስትቀርጹ ምስሉን ይቆርጠዋል፣ ሰፊው ሌንሳችሁ በድንገት ጠባብ ይሆናል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ስሎው ሞሽን ስትፈልጉ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ቶሎ ስታዞሩት ደግሞ ምሰሶና የበር መቃን ያዘነብላል። ማቀዝቀዣ ፋን የለውም፣ ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ረጅም ንግግር ስቀርጽ ዣንጥላ እይዝለታለሁ። ካሜራው በሙቀት የሚጠፋበትን ልክም «ከፍተኛ» ላይ አድርጉት፣ ያለዚያ ካሜራው ቶሎ ይጠፋል።

ወደ ፖኬቱ ልመለስ። ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ክሊፕ ሠራንበት፣ በሥራዬ ደስ ካሉኝ ቀናት አንዱ ነው። ቦታው ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ግድም። ጀልባዎቹ እየገቡ ነው። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እንደ ሽማግሌ ተሰብስበው ቆመዋል። ድምፃዊው ከጀልባው ተነስቶ ወደ ካሜራው ይመጣል። ረዳቴ ርቀቱን በሜትር ለክቶ መሬቱ ላይ ሦስት ቦታ ፕላስተር ለጠፈ፣ ሌንሱ ቀለበት ላይም እንደዚያው ሦስት ምልክት አደረገ። ድምፃዊው ፕላስተሩን ሲረግጥ ረዳቴ ቀለበቱን ወደሚቀጥለው ምልክት ያመጣል። በአራተኛው ሙከራ ልክ ሆነ። ፎከሱ ከጀልባው ቀስ ብሎ ተነስቶ ፊቱ ላይ ሲያርፍ አውቶ ፎከስ አይመስልም፣ እንደ ሰው ትንፋሽ ነው። ይህን ማሽን ይሠራዋል ብዬ አላምንም።

እዚያው ቆሮሶ ዓሣ የሚያጸዳ ልጅ እጅ ቀረጽን። ቢላው ከጭራው ወደ ራሱ ይሄዳል፣ ቅርፊቱ ብን ይላል፣ እያንዳንዱ ቅርፊት ላይ የጠዋት ፀሐይ ብልጭ ትላለች። ያ ብልጭታ አልተቃጠለም። ባለ አምስት ኢንቹ ስክሪን ላይ የብርሃኑን ልክ በቀለም የሚያሳየውን መሣሪያ ከፍቼ የልጁ እጅ የቱ ጋ እንዳለ፣ የውሃው ነጸብራቅ የቱ ጋ እንዳለ እያየሁ ነበር የምሠራው። ማይኩም በትንሿ ኤክስኤልአር፣ በባለሙያ ማይክ መሰኪያው፣ ቀጥታ ይገባል፣ ኃይልም ከካሜራው ያገኛል፣ ሌላ ዕቃ አትፈልጉም። ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) በዲግሪ 180 ላይ አስቀምጣችሁ ትረሱታላችሁ፤ የፍሬም ፍጥነት ስትቀይሩ ራሱ ይከተላል። ሶኒው ላይ ይህን ሁልጊዜ በእጄ ነው የማስተካክለው፣ አንዳንዴም እረሳለሁ።

አሁን ስለ ፋይል። ሰው ካሜራ ሲገዛ የማያስበው ይህን ነው። ሶኒው በ4ኬ፣ በ25 ፍሬም፣ በ10 ቢት በ140 ሜጋቢት ሲቀርጽ አንድ ሰዓት 63 ጊጋባይት ይሆናል። ፖኬቱ ሙሉ 6ኬ ጥሬ ፋይል በጣም በተጨመቀው 12 ለ1 እንኳ ስትቀርጹ በሰዓት ወደ 240 ጊጋባይት ነው። አንድ ሰርግ ላይ በሁለት ካሜራ አምስት ስድስት ሰዓት እንቀርጻለን። ቁጥሩን ራሳችሁ አባዙት። ደንበኛ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ደውሎ «የጠፋ ፍላሽ አለ፣ እንደገና ስጠን» ይላል፣ ስለዚህ አታጠፉትም። እኔ ጋር በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሃርድ ዲስክ ሞላ።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ግን ገጠመኝ። የፖኬቱ ፋይል ትልቅ ቢሆንም ላፕቶፔ ላይ ቀለል ብሎ ነው የሚሄደው። የሶኒው ትንሽ ፋይል፣ በተለይ ኤች 265 የሚባለውን የመጭመቂያ ዓይነት ስትመርጡ፣ አሮጌ ላፕቶፕን ያንገላታል፤ አንዴ ፕሌይ ስትሉ ሦስት ጊዜ ይቆማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትንሹ ፋይል የተጨመቀው እያንዳንዱን ፍሬም ከጎረቤቱ ጋር አያይዞ ስለሆነ ኮምፒውተሩ አንዱን ለማሳየት ሌሎቹን መፍታት አለበት። የብላክማጂኩ ጥሬ ፋይል ግን እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሶኒውን ሲይዝ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሆን ቀላል ቅጂ) መሥራት ይልመድ። ፖኬቱ አዲስ ሲገዛ የኤዲቲንግና የቀለም ሶፍትዌሩ፣ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ፣ ፈቃድ አብሮት ይመጣል፤ ለብቻው 295 ዶላር ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያገለገለ ከገዛችሁ ግን ፈቃዱ አብሮ መኖሩን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ባለቤት ጋር ቀርቷል።

ባትሪ። ፖኬት 6ኬ በካኖኗ ትንሽ ባትሪ ነው የሚሠራው፣ አንዱ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፣ ብዙ ጊዜ አይሞላም። ሶኒው ከዚያ እጅግ ይሻላል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ማታ ስምንት ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሰርግ ዋዜማ መብራት ጠፍቶ ጎረቤት ካፌ ባትሪዎቼን ደርድሬ ያመሸሁበት ቀን አለ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ፖኬት 6ኬ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ 2,495 ዶላር ነበር፣ ኤ7 ማርክ 4 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ 2,500 ዶላር ገደማ። ቦዲውን ብቻ ካያችሁ እኩል ናቸው። ፖኬቱ ግን ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) ይፈልጋል፣ ኤስኤስዲውን የሚይዝ ብረት ይፈልጋል፣ ባትሪ ይፈልጋል፣ ኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ይፈልጋል፣ በእጅ ለመሥራት ጂምባል ወይም የትከሻ መያዣ ይፈልጋል። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ እያንዳንዷ ትንሽ ዕቃ በዶላር ተባዝታ ነው የምትመጣው። ፎቶ ካሜራውን የገዛ ሰው በአንድ ሌንስ በማግስቱ ሥራ ይጀምራል፤ ፎቶም ያነሳበታል፣ እዚህ ከተማ ደግሞ ፎቶና ቪዲዮ አብሮ ነው የሚታዘዘው። ለፖኬቱ የሚነገር አንድ ጥሩ ነገር፣ የድሮዎቹ የካኖን ሌንሶች (ኢኤፍ የሚባሉት) ቀጥታ ይገቡበታል። ከድሮው ካኖናችሁ የቀረ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ካለ ሥራ አያጣም።

ኤንዲ ፊልተርን ለሁለቱም ግዙ፣ በዚህ አልደራደርም። ስሌቱ ቀላል ነው። ሎግ ላይ አይኤስኦ 800፣ ሹተር 1/50፣ ሌንስ ኤፍ 2.8፤ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ዘጠኝ ስቶፕ ያህል ብርሃን ይበዛባችኋል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ነው)። ብዙ ሰው ሌንሱን ዘግቶ ሹተሩንም 1/1000 አድርጎ ያመልጣል። ያኔ እስክስታው ላይ ትከሻው እየተቆራረጠ ይዘላል፣ የሚፈስ አይመስልም። ከፖኬቶቹ ውስጥ 6ኬ ፕሮ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው፣ ባለ 2፣ ባለ 4ና ባለ 6 ስቶፕ ኤንዲ ውስጡ አለው። ቁልፍ ብቻ ነው የምትጫኑት። ሲኒማ ካሜራ መግዛታችሁ የግድ ከሆነ ያንን ፈልጉ።

ሌላው ብዙ ጀማሪ የሚጎዳበት ነገር የመብራት ብልጭታ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ብዙ ካሜራ አሜሪካ ላለ ሰው እንደሚሆን ተደርጎ በ30 ፍሬምና በ1/60 ሹተር ይመጣል። አዳራሽ ገብታችሁ በዚያው ከቀረጻችሁ ጣሪያው ላይ ያሉት መብራቶች የሚንሸራተት ጥቁር መስመር ይሠሩባችኋል። በስክሪኑ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ቤት ስትገቡ ነው የምታዩት። ካሜራውን ፓል (ለ50 ኸርዝ አገር የሚሆነው ምርጫ) ላይ አድርጉ፣ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50 ወይም 1/100። አንዳንድ ርካሽ ኤልኢዲ በዚህም አይስተካከል ይሆናል፣ ለአብዛኛው ግን ይሠራል።

«መሃሉስ የለም ወይ?» ለሚለኝ፣ አለ። ሶኒ ኤፍኤክስ30። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ቦዲው 1,800 ዶላር ገደማ ነበር። ስሙ ሲኒማ ካሜራ ነው፣ አውቶ ፎከሱና ማረጋጊያው ግን የፎቶ ካሜራ ነው። ፋን አለው፣ አይግልም። ሴንሰሩ ግን ከኤ7 ማርክ 4 ያነሰ ነው፣ ማየት የሚያስችል ቪውፋይንደር የለውም፣ ሜካኒካል ሹተርም ስለሌለው ፎቶ ላይ ደካማ ነው። ክሊፕና ማስታወቂያ በብዛት የምትሠሩ፣ ፎቶ ደግሞ ሌላ ሰው የሚያነሳላችሁ ከሆናችሁ እኔ ይህንን እመርጥላችኋለሁ። ጨለማ ውስጥ ብዙ ለሚሠራና ኪሱ ለሚችል ታላቁ ኤፍኤክስ3 አለ፣ ፉል ፍሬም ነው። የምናወራው ስለ መጀመሪያ ካሜራ ስለሆነ ግን እሱን ልዝለለው።

የዝግጅት ሥራ ላይ ያለኝን እምነት የቀረጸው አምና በሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ፍቼ ጨምበላላ ላይ፣ ጉዱማሌ ሜዳ የሠራሁት ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ ሜዳው ላይ ግን ይህን አታስቡትም፣ የምታስቡት እንዳትረገጡ ነው። ቄጣላው (የሲዳማ ባህላዊ ጭፈራ) ሲመጣ ሰው በማዕበል ነው የሚመጣው። ጦርና ጋሻ የያዙ አባቶች ፊት፣ ከኋላቸው ወጣቱ እየዘለለ። ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበር የምቀርጸው፣ ረዳቴ ቀበቶዬን ይዞ ይመራኛል። አንድ አዛውንት ከሰልፉ መሃል ቀና ብለው ሌንሱን አዩ። ሶኒው በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ዓይናቸውን አግኝቶ ያዘ። እዚያ ሜዳ ላይ ፕላስተር የሚለጥፍ፣ ሜትር የሚዘረጋ ሰው የለም።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሱቅ ውስጥ አትቸኩሉ። ሜሞሪ ካርድና ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳታቋርጡ ቅረጹና መጋልና አለመጋሉን እዩ። ኤፍ 16 ላይ ነጭ ግድግዳ አንሱ፣ ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻና ጭረት ይወጣል። ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያ ሞክሩ። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ተዉት። ሜኑውን ክፈቱ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሶኒ ብዙ ጊዜ ጃፓንኛ ብቻ ነው የሚያወራው፣ አይቀየርም። እኔ የመጀመሪያ ካሜራዬን ስገዛ አንዱ ሱቅ «አዲስ ነው» ብሎኝ ሁለተኛው የካርድ ቦታ እንደማይሠራ ያወቅኩት ምርቃት ላይ ቆሜ ነው። ያን ቀን በአንድ ካርድ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር የዋልኩት።

ጓደኛዬ በየካቲት ተመልሶ ፖኬቱን ወሰደ። ሰርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ሶኒው ያሠራኛል። ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ የለም፤ ክሊፕና ማስታወቂያ የሚመጣው፣ ለመዘጋጀትም ጊዜ ያለው ያኔ ነው። በሁዳዴው ሁለተኛ ሳምንት ለሦስት ቀን ፖኬቱን ከጓደኛዬ በኪራይ ልወስድ ተነጋግረናል። ፎከሱን የሚይዘው ረዳቴ ነው። ከአሁኑ ሰሌዳ ሠርቶ ቤት ውስጥ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ እየለካ ይለማመዳል።